ዝም ብሎ ማንበብን ላስተምር ብዬ

ላሊበላ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴን ሳልደፍን ነው። ከመምህራን ማሰልጠኛ ስወጣ የያዝኩት አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ኩንታል ትዕቢት ነበር። ሻንጣው ጋሸና ላይ መኪና ስቀይር ተቀደደ። ትዕቢቱ ግን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እስክትቀደው ድረስ ምንም አልሆነም።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነበር። አያቷ አገሩ በሙሉ «የኔታ» የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ፊደልና ዳዊት ሲያስተምሩ የጨረሱ፣ በእኔ ጊዜ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ዳዊቱን ለልጅ ልጃቸው አስረከቡ። እሷ በየማለዳው ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። ከዓይናቸው የሸሸው ብርሃን ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ተሰብስቧል መሰለኝ፣ አንዲት ፊደል ከተዋጠች ሦስት ቤት ተሻግረው ይሰሟታል። «ተመለሽ!» ይላሉ። ትመለሳለች።

እንግዲህ ልጅቷ የምታውቀው ንባብ ይኸው ነው። ድምፅዋ ነፋስ ካገኘ ጋሸና ድረስ ይሰማል። እሺ ይሁን፣ ጋሸና አይደርስም፤ ግማሽ መንገድ ግን ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ብትለምኑኝም አልወርድም። ችግሩ ድምፅ ሳታወጣ ማንበብ አለመቻሏ ነው። ሳይንስም ይሁን ጂኦግራፊ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፈውም ቢሆን፣ በዳዊት ዜማ ካልወጣ ፊደሉ አይታያትም።

ይህ ልማድ በቀደመው ዓመት ጉድ አድርጓታል። የስድስተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንበብ ስትጀምር፣ ፈታኙ መጀመሪያ ቅዳሴ የገባ መሰላቸው አሉ። ቀጥሎ ደግሞ ለጓደኞቿ መልስ የምታቀብል መሰላቸው። ክንዷን ይዘው አስወጧት። እያለቀሰች ወጣች፤ ለቅሶዋም ዜማ ነበረው ብለው ነግረውኛል።

በጥር ወር ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ።

«የአማርኛ አስተማሪዋ አንተ ነህ» አሉኝ። «መድገም የሚፈቀደው አንዴ ነው። ዘንድሮም ከአዳራሽ ከወጣች መዝገቧ ይዘጋል፤ ትምህርት የሚባል ነገር አበቃ። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ናት፤ ያሳዝናል። እስከ ሰኔ ዝም ብላ እንድታነብ አድርጋት።»

«ዝም ማሰኘት ብቻ ነው? በሳምንት እጨርሰዋለሁ» አልኩ እየሳቅሁ።

ያን ሳቅ ዛሬ ባገኘው በጥፊ እመታዋለሁ።

በማግስቱ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ካለው ወይራ ሥር አስቀመጥኳትና መጽሐፉን ሰጠኋት። «ዝም ብለሽ አንብቢ።»

ዝም አለች። ገጹ ላይ ዓይኗን ተክላ አሥር ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ አላለችም። በልቤ «ይኸው፣ ሳምንትም አልፈጀ» አልኩ።

«ጨረስሽ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ንባቡን ነዋ!»

«አላነበብኩም እኮ። ዝም በይ አሉኝ።»

«ዝም ብለሽ አንብቢ ነው ያልኩሽ!»

«ሁለቱንም ባንድ ጊዜ?» ብላ አየችኝ። እየተኛሽ ሩጪ ያልኳት ነው የምትመስለው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። እርሳስ በጥርሷ እንድትይዝ አደረግሁ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ለሁለት ከፈለችው። እርሳስ በዚያ ዘመን ከበሬ ይወደድ ነበር። ውኃ አፏ ውስጥ ይዛ እንድታነብ አደረግሁ። ዋጠችው። ሌላ ጨመርኩ። እሱንም ዋጠች። የጀበናውን ውኃ... ጀበና አልነበረም፣ ማሰሮ ነበር፤ ማሰሮውን አራቆተችው። በመጨረሻ ሳትውጥ ያዘችና ንባቡን በአፍንጫዋ ጀመረችው። ልክ የታመመ ማሲንቆ። እኔን ሳቅ አመለጠኝ፣ እሷንም አመለጣት፣ ውኃው ጂኦግራፊ መጽሐፉ ላይ ተረጨ። የተከፈተው ስለ ዓባይ ወንዝ የሚናገረው ገጽ ነበር። ዓባይ ያን ቀን ሱዳን አልደረሰም፤ ሱሪዬ ላይ ቀረ።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ደግሞ የባሰ መጣ። የፖለቲካ ትምህርት መጽሐፍ ሰጥቻት ነበር፤ ይህ ዜማ አይመቸውም፣ ደረቅ ነው፣ ድምፅዋ ራሱ ይታክተዋል ብዬ። ምን ይታክተዋል! ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ትግል የሚያትተውን ምዕራፍ ሰንጥቃ ሰንጥቃ፣ ማሳረፊያው ላይ እያሳረፈች፣ ማንሻው ላይ እያነሳች ታወርደው ጀመር። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት አጥሩ ጋ ቆሙ። ቅርጫታቸውን አወረዱ። ነጠላቸውን አስተካክለው አጣፉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ጎንበስ አሉና «አሜን!» አሉ። «ይባርክሽ ልጄ። የየትኛው ጻድቅ ገድል ነው?»

«የጭቁኖች ነው እማማ።»

«በረከታቸው ይደርብን!»

ልክ በዚህ ቅጽበት ከሴትየዋ ኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ቆሞ አየሁት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እግዜር ይወቅ።

«ጓድ መምህር» አለኝ፣ «አብዮቱን እያስቀደስከው ነው?»

«ሰፊው ሕዝብ በተመስጦ እየተቀበለው ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

ሴትየዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሩን አወጣና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ግን በተንኳኳ ቁጥር ሻንጣዬን ስፈልግ ከረምኩ፤ እሱም ተቀዷል።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ተናደድኩና ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ አጭር ተረት እንደፈለገች ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አዘዝኳት። አንድ ገበሬ በቅሎውን ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ጎረቤቱ በቅሎዋን ገደል አፋፍ ላይ አስሮ ይተኛል፤ በቅሎዋ ትወድቃለች። አንዲት ፊደል ሳትስት እንደ ወርቅ አነበበችው።

«በቅሎዋ የማን ነበረች?» አልኳት።

«የትኛዋ በቅሎ ጋሼ?»

«አሁን ያነበብሻት!»

ገጹን አየችው፣ እኔን አየችኝ። እየቀለደች አልነበረም። «በቅሎ አለበት እንዴ?»

ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ልጄ፣ አሁን ከአፍሽ ወጥታ ገደል የገባችው ምንድን ናት?»

«እኔ እኮ ፊደሉን ነው የማየው። እንዳልስት። የኔታ ምን ይላል ብለው አይጠይቁኝም።» ከዚያ ለእኔ ያዘነች በሚመስል ድምፅ አስረዳችኝ፦ «ትርጓሜ ሌላ ጉባኤ ነው ጋሼ። ሌላ መምህር ነው የሚያስተምረው። መጀመሪያ ንባቡ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ አፏን ስዘጋ የከረምኩት ፈታኙ እንዳይሰማት ነበር። ለካ እሷም ራሷን ሰምታ አታውቅም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ዓመታት ንባብ፣ ዓመታት ዜማ፣ ትርጓሜው ዕድሜ ከተረፈ። ፈተናው ግን ሰኔ ነው። ስለዚህ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠኋት፦ በየማታው አንድ ገጽ እቤትሽ በዓይንሽ ብቻ ታነቢያለሽ፤ ገጹ እስኪያልቅ፣ ጣራው ቢወድቅም፣ አፍሽን አትከፍቺም።

ታዛዥ ልጅ ናት፤ መከራዬም ይኸው ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። በሁለተኛውም ቀን አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸውን ጠየቅሁ።

«አልሰሙም እንዴ መምህር?» አሉኝ ሴትየዋ ደረታቸውን እየደቁ። «ልጅቷን ዲዳ መንፈስ ያዛት። ማታ መጽሐፍ ገልጣ ተቀምጣ፣ የኔታ ቢጠሯት ቢጠሯት መልስ የለም! ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማቸዋል፣ ድምፅ የለም። ገነተ ማርያም ወዲያ ጠበል ወስደዋታል። ሰባት ቀን ነው።»

ሰባት ቀን! ግንቦት ገብቷል፣ ፈተናው አፍንጫችን ሥር ደርሷል፣ ተማሪዬ ደግሞ በእኔ ገጽ ምክንያት ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ቆማለች። ኋላ እንደሰማሁት፣ ገጹ ገና አላለቀልኝም ብላ እስከዚያ አፏን አልከፈተችም፤ የመጀመሪያው ውኃ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ እሪ አለች፤ የተሰበሰበው ሰው «ለቀቃት!» ብሎ እልል አለ። ቢለቃትም ሰባቱ ቀን መሞላት አለበት ተብሎ ቀሪውን ስድስት ቀን ተጠመቀች።

የተመለሱ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እግሬን ገና ደጃፉ ላይ ሲሰሙ አወቁኝ።

«አንተ ነህ የልጄን አፍ የዘጋኸው?»

«የኔታ፣ እንድታነብ ብዬ ነው።»

«አፏን ዘግተህ?»

«በዓይኗ ነው የምታነበው።»

«ዓይንማ ይኸው!» አሉ የራሳቸውን እያመለከቱ። «ዓይን ምን እንደሚያደርግ አየህ? ንግግሩን ተወውና መልስልኝ። ያልተሰማ ንባብ ማን ያርመዋል? ስትሳሳት ተመለሽ የሚላት ማን ነው?»

የነበረኝ እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ነገርኳቸው። ፈታኙ ድምፅ ከሰማ እንደሚያስወጣት፣ ዘንድሮ ከወጣች ሌላ ዕድል እንደሌላት። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። የኔታ መቋሚያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

«ለሆሳስ ነው እንዴ የምትለው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ካህኑ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ የማይሰማውን ጸሎት በለሆሳስ ያደርስ የለም? ከንፈሩ ይላወሳል፣ ድምፁ አይወጣም። ከለሆሳስ ወዲያ ደግሞ የልብ አለ። ታዲያ እንዲህ አትለኝም ነበር? አራት ወር ሙሉ ልጄን ውኃ ስታጠጣ!»

አራት ወር! እርሳሴ ተሰብሮ፣ ሱሪዬ ረጥቦ፣ ሊቀመንበሩ ደብተር ላይ ተጽፌ፣ ለካ መፍትሔው እዚህ መደብ ላይ ተቀምጦ ጺሙን ሲያበጥር ኖሯል። ጸጉሬን ልነጭ ነበር፤ ያን ጊዜ ጸጉር ነበረኝ።

«ነይ እዚህ» አሏት። አጠገባቸው አስቀመጧትና ሁለት ጣቶቻቸውን ጉሮሮዋ ላይ አሳረፉ። «በይ፣ ለሆሳስ።»

በሹክሹክታ ጀመረች። ጥቂት ቀን በዚያው አስኬዷት። ከዚያ ትንፋሹን አስቀሯትና ከንፈር ብቻ አደረጉት። ቀጥሎ ከንፈሩም ይረፍ አሉ። የሚገርማችሁ፣ ከንፈሯ ተዘግቶ እንኳ ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ አላየውም፣ የእሳቸው ጣት ግን ይሰማዋል። «አሁንም ታንጎራጉሪያለሽ» ይሏታል፤ «ዝቅ አድርጊ። ደግሞ ዝቅ።» የጠዋቱን ዳዊት ግን ማንም እንዳይነካባቸው አስጠነቀቁን። እሱ እንደ ድሮው በሙሉ ድምፅ ነው።

ሌላም ነገር ተከተለ። ድምፅ ከሌለ የኔታ አይሰሙም፤ ካልሰሙ ማረም አይችሉም። ስለዚህ ገጹ ባለቀ ቁጥር «ምን አለ?» ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያ ቀን «እንጃ» አለች። «ተመለሽ!» አሏት። ተመለሰች። አምስት ጊዜ ተመለሰች። በስድስተኛው «ቀበሮ ዶሮዋን አታልሎ ከቆጥ አወረዳት» አለች።

«ብሎ ምን አላት?»

«እንስሳት ሁሉ ታርቀዋል አላት።»

«አመነችው?»

«አመነችው።»

የኔታ ተናደዱ። «ይህን የጻፈው ሰው ቀበሮ አይቶ አያውቅም። ቀበሮ እንዲህ አይለፈልፍም፤ ሥራ አለው። ዶሮዋም ብትሆን ቂል ናት። ቀጥዪ፣ ኋላ ምን ሆነች?»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የክርክር ሸንጎ ሆነ። እኔ ለቁጥጥር ስሄድ አያትና ልጅ ስለ አንድ ስስታም ነጋዴ ተጣልተው አገኛለሁ። እሷ ነጋዴው ተበድሏል ትላለች፤ እሳቸው የእጁን ነው ያገኘው ይላሉ። «መጽሐፉ ምን ይላል?» ስል ሁለቱም በአንድ አፍ «መጽሐፉ ተሳስቷል» ይሉኛል። አንድም ቀን መጽሐፉ ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ፈተና ነው የምትፈተነው፣ ዳኝነት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። የኔታ ጣታቸውን ከጉሮሮዋ ሳያነሱ «ዝቅ አድርግ፣ እያነበበች ነው» አሉኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው፤ እኛ አዳራሹ አጠገብ አንደርስም። ፊሽካ ተነፋ፤ ተማሪው ገባ፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ከአጥሩ ውጭ በአዳራሹ መስኮት ትይዩ ቆምኩ። የዳዊት ዜማ አሁን ጀመረ፣ አሁን ጀመረ እያልኩ ጆሮዬ እንደ አህያ ጆሮ ረዘመ። ዝንብ ሳይቀር ሰማሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆምኩ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ መጣ።

«መምህር፣ ፈታኙ ልከውኝ ነው። ውጭ የሚያነበንበው ሰው ይሂድልኝ፣ ልጆቹን ረበሸብኝ ብለዋል።»

«ማን ነው የሚያነበንበው?»

«እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። «ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያልኩ ኖሯል፤ ያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ በፈተና ቀን በመጮህ የተባረርኩ ብቸኛው አስተማሪ ሳልሆን አልቀርም።

ወደ መንገዱ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች አንድ አንድ እያሉ ወጡ። እሷ የለችም። እንደገና ወጡ። የለችም። መቼም ቢያስወጧት በዚህ በኩል ታልፍ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ ብቅ አለች። ፊቷ ተኮሳትሯል።

«አስወጡሽ?» አልኩ ከድንጋዩ ዘልዬ።

«ለምን ያስወጡኛል ጋሼ? ዝም ብዬ ነው የሠራሁት።» ዕድሜዋን ሁሉ ዝም ብላ ስታነብ የኖረች ነው የምትመስለው። ልስማት ወይስ ልምታት አላወቅሁም። «ግን ምንባቡ አናደደኝ።»

«የትኛው ምንባብ?»

«ሁለት ገበሬዎች አሉ። አንዱ የካቲት ላይ ዝናብ ሲያይ ገብሱን ዘራ፤ ዝናቡ ተቋረጠ፣ ዘሩ ጠፋ። ጎረቤቱ ሰኔን ጠብቆ ዘራና ጎተራውን ሞላ። ከዚያ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ገበሬ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ሀ፣ ችኩል። ለ፣ ትጉህ። ሐ፣ ስስታም። መ፣ ምቀኛ።»

«ሀ ነዋ!» አልኩ። «ሀ ነው ያልሽው አይደል?»

«ለ አልኩ።»

«አንቺ ልጅ!» አልኩ። ድምፄ ይህኔ ጋሸና ደርሷል፤ ይህን ግን አልቀንሰውም። «መልሱ ምንባቡ ውስጥ አለ! ቸኩሎ ዘራ፣ ከሰረ! ይህን ለመረዳት ነው አምስት ወር የደከምነው!»

«ተረድቼዋለሁ እኮ ጋሼ። የጻፈው ሰው ችኩል እንድለው እንደፈለገ ገብቶኛል። ግን በየካቲት የሚዘራ በልግ ነው። እዚህ አገር በየካቲት ያልዘራ ነው ሰነፍ የሚባለው። ዝናቡ ቢቀር የእሱ ጥፋት ነው?» ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «አባቴም በየካቲት ነው የዘራው። ዝናቡ ቀረና ወደ ሰፈራ ወሰዱት። እሱ ችኩል አልነበረም።»

ስለ አባቷ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያዘጋጀሁት ቁጣ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያህል ነበር። ያልኩት ነገር ቢኖር «እሺ፣ ሌላውንስ?» ነው። ሌላውን ሁሉ ምንባቡ እንዳለው እንደሠራች ነገረችኝ፤ ሌላው ላይ ጠብ የላትም።

ውጤቱ መስከረም ላይ መጣ። አልፋ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ገባች፤ መዝገቧ ክፍት ሆኖ ቀጠለ። ያቺ አንዲት ጥያቄ እንደ ስህተት እንደተቆጠረች ጥርጥር የለኝም። መልሱ ሀ ነው። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እሱን የመሰለ ምንባብ በመጣ ቁጥር ለተማሪዎቼ መልሱ ሀ ነው እላለሁ፤ ለምን ሀ እንደሆነም አስረዳለሁ፤ ከዚያ አንዱ ከኋላ «ዝናቡ ቢቀር የእሱ ጥፋት ነው?» ብሎ እንዳይጠይቀኝ ቶሎ ብዬ ሰሌዳውን አጠፋለሁ።